ፈንጂ አምካኝ ክፍሎች በትልቅ ጦርነት

ፈንጂ አምካኝ ክፍል ያልፈነዱ ቦምቦችን፣ ቅምቡላዎችን፣ ሮኬቶችንና የተቀበሩ ፈንጂዎችን የሚለይ፣ የሚያመክንና የሚያስወግድ ወታደራዊ ክፍል ነው። በብዙ አገሮች በመሐንዲስ ሥር ይደራጃል።

ጦርነቱ ሲሰፋ ያልፈነዳው ተተኳሽ ከባለሙያው ቁጥር እጅግ ስለሚበልጥ፣ ከባዱ ውሳኔ የቱ ይቅደም የሚለው ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ለገሃር አጠገብ አንድ ቦምብ ሳይፈነዳ ቢቀር ሁለቱም ይቆማሉ፤ ቡድኑ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው። ጃንሜዳ መካከል የወደቀ ቅምቡላ ግን ታጥሮ፣ ጠባቂ ቆሞለት ተራውን ሊጠብቅ ይችላል።

ጠላትም ይህን ስሌት ያውቃል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች እንግሊዝ ላይ ከጣሏቸው ቦምቦች አንዳንዶቹ 17 ቁጥር የተባለ፣ እስከ 72 ሰዓት የሚዘገይ ባለሰዓት ፊውዝ (ቦምቡን የሚያስነሳው መሣሪያ) ነበራቸው። የቆመው ሰዓት በትንሽ ንቅናቄ እንደገና ሊሠራ ስለሚችል ድምፁ መጥፋቱ ዋስትና አልነበረም። 50 ቁጥር ደግሞ ቦምቡ ሲነካ እንዲፈነዳ የተሠራ ነው። ቁጥሩ ፊውዙ አናት ላይ በክብ ውስጥ ተቀርጾ ስለነበር ባለሙያው ጭቃውን በቀስታ ጠርጎ ያነበዋል፤ የሚቀጥለው እርምጃ በሙሉ በዚያ ቁጥር ይወሰናል።

የሥራው ቅደም ተከተል ዛሬም ያው ነው፦ ሰው ማራቅ፣ መለየት፣ ማምከን፣ ማስወገድ። ከተቻለ ባለበት እንዲፈነዳ ይደረጋል። በሕንፃዎች መካከል ያ ስለማይሆን ዙሪያው በአሸዋ ከረጢት ይታጠርና ፊውዙ ከሩቅ ይነቀላል። ፊውዙ ወጣ ማለት ግን አደጋው አለቀ ማለት አይደለም፤ ዋናው ፈንጂ ገና ቦምቡ ሆድ ውስጥ ነው።

የሚፈነዳ መጋዘን ሌላ ጣጣ አለው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይት መጋዘን ሲፈነዳ ለዜና ሊቀርጹ ከሄዱት መካከል የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ ሞተ፤ ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ክንዱን አጣ። እንዲህ ያለ ፍንዳታ ሳይፈነዱ የቀሩትን ቅምቡላዎች በሙቀትና በምት አበላሽቶ ዙሪያውን ይበትናቸዋል። የተበተነውን ጠጋ ብሎ ማየት የሚያጓጓ ቢሆንም፣ ወደዚያ መቅረብ ያለበት አምካኙ ብቻ ነው።

በአማርኛ «ቦምብ» የእጁንም የአውሮፕላኑንም ይጠራል፤ ስለዚህ ጥቆማ ሲደርስ መጀመሪያ የሚጠየቀው መጠኑ ነው፦ ቡጢ ያህላል ወይስ የጋዝ ሲሊንደር? ፒያሳ ላይ መሠረት ሲቆፈር አጠራጣሪ ብረት የገጠመው የኤክስካቫተር ሾፌር አካፋውን ሳያነሳ ሞተሩን አጥፍቶ በመጣበት ዱካ ይመለስ፤ ስልኩንም ርቆ ከሄደ በኋላ ይደውል።