«ድራኮኒያን»፦ በደም ተጻፈ የተባለው ሕግ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች አንድ ሕግ ወይም መመሪያ ከልክ በላይ ሲጨክንባቸው «ድራኮኒያን» ይሉታል። ቅጽሉ የተወለደው ከሰው ስም ነው፤ የአቴናው ሕግ አውጪ ድራኮን። ስሙ በግሪክኛ እባብ፣ ዘንዶ ማለት ነውና ለሐሜት የተመቸ ነበር።

ድራኮን ለአቴና የመጀመሪያውን የተጻፈ ሕግ ያወጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ621 ገደማ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፊ ፕሉታርክ እንደሚተርከው ጎመን የሰረቀም፣ ሥራ ፈትም ቅጣቱ ሞት ነበር። ምነው ሲባል፣ «ትንንሹ ጥፋት ሞት ይገባዋል፤ ለትልቁ ደግሞ ከሞት የሚብስ አላገኘሁም» አለ ይባላል። «ሕጉን በቀለም ሳይሆን በደም ነው የጻፈው» የሚለው አባባል ደግሞ የደማዴስ ነው። ደማዴስ አንደበተ ርቱዕ አቴናዊ ነበር፤ ግን ከድራኮን ከ250 ዓመት በላይ ዘግይቶ የኖረ ሰው ነው።

ከድራኮን በኋላ የመጣው የአቴና ሕግ አውጪ ሶሎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ594 ገደማ የድራኮንን ሕጎች ሲሽር የነፍስ ግድያውን ሕግ ብቻ ሳይሽር አስቀረው። ይህ ሕግ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ409 ገደማ እንደገና በእብነ በረድ ላይ ተቀርጾ፣ ስብርባሪው ዛሬም አቴና ውስጥ አለ። የሚለውም ሳያስብ የገደለ ይሰደድ ነው፤ የሟች አባት፣ ወንድሞችና ልጆች ሁሉም ከተስማሙ ይቅር ይባላል፣ አንዱ እንቢ ካለ ግን እርቁ ይቀራል። ደም ማድረቅን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ለእኔ ሰውዬው ስሙ ከሥራው በላይ ጠፍቶበታል፤ በእጃችን ያለው ጽሑፍ ከሐሜቱ ይልቅ ለዘብ ያለ ነውና።

የቃሉ ጅራት «‑ያን» ከላቲኑ «‑ያኑስ» የመጣ ሲሆን «የእገሌ ወገን» የሚል ስሜት አለው። የቄሳር ደጋፊዎች በዚህ ጅራት ይጠሩ ነበር። ደቀ መዛሙርትም መጀመሪያ በአንጾኪያ «ክርስቲያን» ሲባሉ (ሐዋ. 11፥26) የግሪኩ ቃል ይህንኑ የላቲን ጅራት ተበድሮ ነበር። በአማርኛችንም እስከ ዛሬ ከነጅራቱ አለ። «ቪክቶሪያን» የሚባለው ዘመንም በዚሁ መንገድ ከንግሥቲቱ ስም ወጣ፤ በእኛ ሥራውን የሚሠራው «‑ዊ» ነው። ጅራቱ ክፉም ደግም አይልም፤ ጭካኔው ሁሉ ከፊቱ ካለው ስም ነው።

ዛሬ ብዙ እንግሊዝኛ ጸሐፊዎች ቃሉን በትንሽ ፊደል ይጀምሩታል። የመኪና ማቆሚያ ቅጣት የበዛበት ሰው ሁሉ ድራኮን ማን እንደነበር ሳያስብ ይወረውረዋል።