ሲመለስም ያነብ ነበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን። ዘንድሮም ጃን ሜዳ እንደ ልማዱ ሞልቶ አደረ። ካህናቱ በማኅሌቱ፣ የሰንበት ተማሪዎች በዝማሬው፣ ወጣቶቹ ለታቦታቱ ምንጣፍ በማንጠፍ ሲደክሙ ያየ ሰው፣ ሃይማኖት ገና በልባችን አለ ብሎ ይጽናናል። እኔም ተጽናንቻለሁ። ያስጨነቀኝ መመለሻው ነው። ታቦታቱን ሸኝተን ከስድስት ኪሎ ወደ አራት ኪሎና ወደ ፒያሳ ስንወርድ ወሬያችን ምን ነበር? የዚህ ሰፈር ልብስ፣ የዚያ ሰፈር ጭፈራ፣ ማን ምን ለጠፈ። ከዚያ ደግሞ ተቆርጦ በየስልኩ የሚዞር የአንድ ሰባኪ ንግግር መጣና እስከ ጊዮርጊስ አደባባይ ድረስ ያጨቃጭቀን ጀመር። ከተከራካሪዎቹ ሰባኪው የጠቀሰውን ምዕራፍ ገልጦ ያየ አንድም አልነበረም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8ን እንወደዋለን፤ ስማችን አለበትና። ፊልጶስ ያጠመቀው ጃንደረባ፣ አበው ባኮስ የሚሉት፣ የሀገራችን ሰው እንደሆነ በየመድረኩ እንናገራለን። ፊልጶስ ሲደርስበት ግን ምን እያደረገ ነበር? ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም ሄዶ፣ ሰግዶ፣ «ሲመለስም በሰረገላ ተቀምጦ የነቢዩን የኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር» ይላል። መንገዱ ወደ ጋዛ የሚወስደው ምድረ በዳ ነው። ሰውየው የንግሥት ህንደኬ ገንዘብ ሁሉ በእጁ ያለ ባለ ሥልጣን ነው፤ ሥራ በዛብኝ ለማለት ከእርሱ የበለጠ ምክንያት ያለው ማን ነው? ደግሞም የሚያነበው አልገባውም። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይህ ነው፤ ሳይገባውም ያነባል፣ ያውም ፊልጶስ እስኪሰማው ጮክ ብሎ። እኛ «አይገባኝም» ብለን የዘጋነውን መጽሐፍ እርሱ አልገባ ሲለው አልዘጋውም።

እግዚአብሔርም መምህር ላከለት። «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲል ጠየቀው። ወገኖቼ፣ ፊልጶስ ዛሬ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቢያገኘን ምን ብሎ ይጠይቀን ይሆን? የምታነቡትን እንዳይለን የምናነበው የለም። መምህር አጣን፣ እረኛ አጣን እያልን እናለቅሳለን፤ ገልጦ ለተቀመጠው ሰው ግን መምህሩ በምድረ በዳ እንኳ ሮጦ ደረሰለት።

«የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ማለቱም አይረሳ። እኔና መጽሐፌ እንበቃለን፣ የአባቶች ትርጓሜ ምን ያደርግልኛል ለሚሉ መልሱ እዚህ አለ፤ ስለ እነርሱ ብዙ አልልም። የእኛ ቤት በሽታ ሌላ ነው። «ማንበብ የመምህራን ነው፤ እኛ ሰምተን እንገባለን» እንላለን፤ ሲብስም የጴጥሮስን ቃል እንጠቅሳለን። ቅዱስ ጴጥሮስ ግን የከለከለው ትንቢትን ለገዛ ራስ መተርጎምን ነው (2ኛ ጴጥ. 1፥20)። ማንበብን የት ከለከለ? የቤርያ ሰዎች ያስተማራቸው ጳውሎስ ነበር፤ ጳውሎስ! እነርሱ ግን ነገሩ እንደዚሁ ይሆንን ብለው ዕለት ዕለት መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር፤ በዚህም ተመሰገኑ (ሐዋ. 17፥11)። እኛ ደግሞ ቢጫ ለብሶ ሕልም አየሁ የሚል ሁሉ በአንድ ቪዲዮ ያሸብረናል። «ገንዘብ የኃጢአት ሥር ነው ይላል መጽሐፍ» ብለን ባለጠጋውን እንወቅስበታለን። የተጻፈው «ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው» ተብሎ ነው (1ኛ ጢሞ. 6፥10)፤ ኪሱ ባዶ የሆነውንም ይነካል። ገልጠን ብናይ ኖሮ ወቀሳው ወደ እኛም በመጣ ነበር።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ በአንጾኪያ ስለ ባለጠጋውና ስለ አልዓዛር ሲያስተምር ይህንኑ ጃንደረባ አንሥቶ ምእመናኑን ወቅሷል። የሚያስተምረውን ክፍል ቀደም ብሎ ይነግራቸው ነበር፤ በቤታቸው አንብበውት እንዲመጡ። እነርሱም ምክንያት አላጡም፤ መነኩሴ አይደለሁም፣ ሚስት አለችኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ የሥራ ጣጣ አለብኝ። የእርሱ መልስ ይህን የሚመስል ነው፤ መነኩሴውማ ከውጊያው ርቋል፣ አንተ ግን መካከሉ ቆመህ በየቀኑ ትቆስላለህ፤ ታዲያ መድኃኒቱ አብልጦ የሚያስፈልገው ለማን ነው? መርካቶ ለሚውል ነጋዴ የተናገረው ይመስላል።

አባቶቻችን መጽሐፍ ያገኙት ቆዳ ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ነው። በአብነት ትምህርት ቤት ፊደል የቆጠረ ልጅ ንባብ የሚለምደው በመልእክተ ዮሐንስ ነበር፤ እያለ ዳዊት ይደግማል። ጎጃሜው አባ አብርሃም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ሲመልሱ ካይሮ ላይ ዐሥር ዓመት ያህል ደክመዋል፤ ሙሉው ታትሞ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1840 ነው፣ እርሳቸው ካረፉ በኋላ። ዛሬ 81ዱም የመጽሐፍ ቅዱስ ክፍሎች በስልካችን ይገባሉ፤ እኛ ስልኩን የምንከፍተው ለሌላ ነው።

ደግሞ ልቡ የሚሰበር ሰው አለና አንድ ነገር ልበል። ማንበብ የማትችሉ እናቶቼ ሆይ፣ በዮሐንስ ራእይ መጀመሪያ ብፁዕ የተባለው የሚያነበው ብቻ አይደለም፤ የሚሰሙትና የሚጠብቁትም ናቸው። ከንባብ በፊት ደርሳችሁ፣ ነጠላችሁን አጣፍታችሁ ቆማችሁ የምትሰሙ እናንተ ከእኛ ትቀድማላችሁ። የተማረ ልጅ ያላችሁ ማታ ማታ አንድ ምዕራፍ እንዲያነብላችሁ እዘዙት፤ እምቢ አይልም።

የሚያነብ ግን የት ይጀምር? ከቅዳሴው ይጀምር። በየቅዳሴው ከጳውሎስ መልእክት፣ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ከሐዋርያት ሥራና ከወንጌል ይነበባል፤ ብዙዎቻችን ግን የምንደርሰው ወንጌሉ ላይ ነው፣ እርሱም ከደረስን። አሁን ዘመነ አስተርእዮ፣ የጌታን መገለጥ የምናስብበት ወቅት ነው። የእሑዱን ንባብ ቅዳሜ ማታ በቤታችሁ አንብባችሁ ኑ። ያልገባችሁን ጻፉና ለንስሐ አባታችሁ አቅርቡ፤ ጃንደረባውም «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል?» ሲል አላፈረም። የትኛው ምዕራፍ እንደሚነበብ የማታውቁ የአጥቢያችሁን ዲያቆን ጠይቁ፤ የየዕለቱ ንባብ የተመደበበት መጽሐፍ፣ ግጻዌው፣ እጁ ላይ ነው።