ከአቅም በላይ ጉልበት በማውጣት የሚደርስ ጉዳት ምንድን ነው?

አዳማ ውስጥ ሲሚንቶ የሚያወርድ ጫኝና አውራጅ ጎንበስ እንዳለ ቀና ማለት ያቅተዋል። አልወደቀም፣ የወደቀበት ነገርም የለም። ጓደኞቹ «ወገቡን ያዘው» ይላሉ፤ ከዚያ ወጌሻ ጋ ይወስዱታል። እንደ ሥራ ላይ ጉዳት የሚቆጥረው ሰው ግን ጥቂት ነው።

ጉዳቱን ያመጣው ራሱ ያወጣው ጉልበት ነው። ሰው ከአቅሙ በላይ ሲያነሳ፣ ሲሸከም፣ ሲገፋ ወይም ሲጎትት ጡንቻው፣ ጅማቱ ወይም የአከርካሪው ዲስክ ይጎዳል። አንዳንዴ በአንድ ማንሳት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ለዓመታት ሲጠራቀም ቆይቶ ነው። ሕመሙ ወደ እግር ወርዶ ብልት አካባቢ ካደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። መታሸት አይሞከርም።

ስንት ኪሎ ነው ከአቅም በላይ? የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ቀመር መነሻው 23 ኪሎ ነው። ያውም ዕቃው ለሰውነት ቀርቦ፣ ወገብ አካባቢ ሆኖ፣ ሳይጠማዘዙና ሳይደጋግሙ ሲያነሱት። እጅ ከቁርጭምጭሚት 50 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ከራቀ ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል። የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1967 ለአዋቂ ወንድ ሸክም 55 ኪሎ ጣሪያ እንዲሆን መክሯል። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 50 ኪሎ ነው። ኩንታል 100 ነው። ክፍያው በኩንታል ሲሆን ደግሞ ያረፈ አያገኝም።

«ጉልበትህን አጥፈህ አንሳ» የሚለው ምክር ክፋት የለውም። ግን የአነሳሥ ሥልጠና ብቻውን የወገብ ሕመም እንደሚከላከል ጥናቶች አላረጋገጡም፤ ወገብ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም እንዲሁ። በኔ እምነት የሚሻለው ሸክሙን መቀነስ ነው፦ 25 ኪሎ ከረጢት፣ የእጅ ጋሪ፣ ከመኪናው ወለል ጋር የሚስተካከል ማራገፊያ።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሠራተኛው ሥራውን ለማከናወን ባደረገው ጥረት የደረሰበትን ጉዳትም የሥራ ላይ አደጋ ይለዋል። «ምን መታህ?» ለሚል አሠሪ ይህ በቂ መልስ ነው። ችግሩ፣ በማኅበር ተደራጅተው ለሚሠሩት አሠሪው ማን እንደሆነ ራሱ ያጨቃጭቃል። ቢያንስ ቀኑን፣ የተነሳውን ዕቃና አብረው የነበሩትን ሰዎች ወዲያው ማስመዝገብ ይጠቅማል፤ ሐኪም ጋ ሲቀርቡም ጉዳቱ ሥራ ላይ እንደደረሰ ተናግሮ ካርዱ ላይ ማስጻፍ።