ዲሊዲንግ ምንድን ነው? የፕሮሰሰር ክዳን ማንሳትና የድሬ ሙቀት

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ተከፍቶ ፋኑና ሂትሲንኩ (ሙቀት የሚበትነው ባለ ክንፍ ብረት) ሲነሱ ብቅ የሚለው፣ ስምና ቁጥር የተጻፈበት ብርማ ካሬ ብረት የፕሮሰሰሩ ክዳን ነው። ስሌቱን የሚሠራው ሲሊከን ከዚያ ብረት ሥር ተቀምጧል፤ ስፋቱ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ ዳይ ይባላል። ክዳኑ ኒኬል የተቀባ መዳብ ሲሆን ሁለት ሥራ አለው፤ ከትንሿ ዳይ የሚወጣውን ሙቀት ሰፋ ወዳለ ቦታ ይበትናል፤ ከላይ የሚጫነው ከባድ ሂትሲንክም ሲሊከኑን እንዳይሰነጥቀው ይከላከላል። ይህን ክዳን ፈልቅቆ ማንሳት ነው ዲሊዲንግ የሚባለው።

ዓላማው አንድ ነው፤ ማቀዝቀዝ። ከዳይ የተነሳ ሙቀት አየር ላይ እስኪደርስ ብዙ ነገር ያቋርጣል፦ በዳይና በክዳኑ መካከል ያለውን ቅባት ወይም ብየዳ፣ ራሱን ክዳኑን፣ ከክዳኑ በላይ እኛ የምንቀባውን ሙቀት አሳላፊ ቅባት (ፔስት)፣ ሂትሲንኩን፣ በመጨረሻም ፋኑ የሚነፋውን አየር። በእያንዳንዱ መሻገሪያ የተወሰነ ዲግሪ ይጨመራል። ስክሪን ላይ 85 ዲግሪ ብሎ የሚታየው ቁጥር የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው፤ የክፍሉ ሙቀትም በውስጡ አለ። ዲሊዲንግ የሚነካው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መሻገሪያዎች ብቻ ነው። ይህን ሳያጣራ ክዳኑን ለመፈልቀቅ ምላጭ የሚያነሳ ሰው ነው ደህና ፕሮሰሰር የሚያበላሸው።

እነዚያ ሁለት መሻገሪያዎች ግን የዋዛ አይደሉም። 3,500 ዋት ገደማ የሚወስድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከዳር እስከ ዳር 58 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ጉልበቱ ለስፋቱ ሲካፈል በካሬ ሴንቲሜትር 1.3 ዋት ይሆናል። በፈረንጆቹ 2022 ኤኤምዲ የተባለው ፕሮሰሰር ሠሪ ኩባንያ ባወጣቸው ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ኮሮቹን (ስሌቱን የሚሠሩትን ክፍሎች) የያዘችው ቁራጭ 70 ካሬ ሚሊሜትር ገደማ ናት። በሥራ ላይ 100 ዋት ቢያልፍባት በካሬ ሴንቲሜትር 140 ዋት መሆኑ ነው፤ ከምጣዱ መቶ እጥፍ። እንዲህ በጠበበ ቦታ ላይ መካከል የገባች ቀጭን መጥፎ ቅባት እንኳ ብዙ ዲግሪ ታስከፍላለች።

ክዳን ሁልጊዜ አልነበረም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኤኤምዲ አትሎን ፕሮሰሰሮች ዳያቸው ራቁቱን ነበር፤ ሂትሲንኩን ሲገጥም እጁ የከበደ ሰው የዳዩን ጥግ ይሸርፍና ፕሮሰሰሩ ያበቃለታል። ክዳን ሲመጣ ይህ ጣጣ ቀረ። የዲሊዲንግ ዝና የመጣው ደግሞ፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሌላው ፕሮሰሰር ሠሪ ከኢንቴል ቆጣቢነት ነው። በ2011 የወጡት የሳንዲ ብሪጅ ፕሮሰሰሮች ዳያቸው ከክዳኑ ጋር በብረት የተበየደ ነበር። በ2012 አይቪ ብሪጅ ሲመጣ ብየዳው ቀርቶ ተራ ቅባት ተተካበት። ፕሮሰሰራቸውን ከተወሰነለት ፍጥነት በላይ የሚያስሮጡ ሰዎች አዲሱ ከአሮጌው ይበልጥ እንደሚግል አዩ፤ ክዳኑን ሲከፍቱም ጥፋቱ የቅባቱ ብቻ እንዳልሆነ ተረዱ። ክዳኑን ከሥሩ የያዘው ጥቁር ሲሊኮን ማጣበቂያ ብረቱን ትንሽ ከፍ አድርጎ ስላስቀመጠው፣ ቅባቱ ክፍተቱን ለመሙላት ከሚገባው በላይ ወፍሯል። ነገሩ ለዓመታት ቀጠለ። በ2017 መጀመሪያ በወጣው ኮር አይ7 7700ኬ ላይ ክዳኑን ከፍተው ቅባቱን በፈሳሽ ብረት (ምንነቱን ከታች እናየዋለን) የቀየሩ ሰዎች በሙሉ ጫና ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ሲወርድላቸው ማየት የተለመደ ሆነ። ኢንቴል በ2018 መገባደጃ በኮር አይ9 9900ኬ ወደ ብየዳ ተመለሰ።

አሠራሩ መጀመሪያ ላይ ያስፈራ ነበር። አንዳንዱ የጢም ምላጭ በክዳኑና ዳዩ በተቀመጠበት አረንጓዴ ሰሌዳ መካከል እያስገባ ማጣበቂያውን ይቆርጣል፤ ምላጩ ትንሽ ካዘነበለ ሰሌዳው ውስጥ ያሉትን የመዳብ መስመሮች ይቆርጥና ዕቃው ይሞታል። ሌላው ክዳኑን በሞርሳ አሥሮ ሰሌዳውን በእንጨትና በመዶሻ ይመታል። አቦ፣ ይህን መጀመሪያ የሞከረው ሰው ምን ዓይነት ልብ እንደነበረው እንጃ። በኋላ ደርባወር በሚል ስም የሚታወቀው ጀርመናዊ ባለሙያ ዲሊድ ዳይ ሜት የሚባል ትንሽ መሣሪያ አወጣ፤ ፕሮሰሰሩ ውስጡ ይቀመጣል፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ክዳኑ ወደ ጎን ይንሸራተትና ማጣበቂያው ይለቃል። ከዚያ አሮጌው ቅባት በአልኮል ይጠረጋል፣ የሲሊኮኑ ቅሪት ይፋቃል፣ በዳዩ ዙሪያ ያሉት ጥቃቅን ክፍሎች ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ነገር ይሸፈናሉ፤ ብዙ ሰው የጥፍር ቀለም ይጠቀማል። በመጨረሻ ዳዩ ላይ ፈሳሽ ብረት በስሱ ይቀባል።

ፈሳሽ ብረት የሚሉት በአብዛኛው የጋሊየም፣ የኢንዲየምና የቆርቆሮ ቅልቅል ነው። ሙቀትን ከፔስት በብዙ እጥፍ ያሳልፋል። ንጹሕ ጋሊየም በ29.8 ዲግሪ ይቀልጣል፤ በግንቦት ድሬ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ ማንም ሳይነካው ይፈስሳል። ችግሩ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ አንዲት ጠብታ ቦርድ ላይ ከወደቀች ሾርት ታደርጋለች። አሉሚኒየምንም ይበላል። ርካሽ ሂትሲንኮች ፕሮሰሰሩን የሚነካው ፊታቸው አሉሚኒየም ስለሆነ፣ ፈሳሽ ብረት እነሱ ላይ መቀባት ሂትሲንኩን መጣል ነው። ከሁሉ በደህና የሚችለው ኒኬል የተቀባ መዳብ ነው፤ ያልተቀባ መዳብ ይጠቁራል እንጂ አይበላሽም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ሁለት ነው። ብዙዎቹ ክዳኑን መልሰው ያስቀምጡታል፤ የውስጡ ቅባት ስለተቀየረ ዋናው ጥቅም ተገኝቷል። ደፋሮቹ ክዳኑን ይተዉና ሂትሲንኩን በቀጥታ ዳዩ ላይ ያሳርፋሉ። ይህ ክዳኑንና አንዱን ቅባት ጭራሽ ያስቀራል፤ ነገር ግን ክዳኑ ሲነሳ ከፍታው ስለሚቀንስ የሂትሲንኩ እግሮች ይረዝማሉ፣ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ቦታ) ላይ ፕሮሰሰሩን የሚይዘው ብረትም የሚጫነው ነገር ያጣል። ልዩ ፍሬም ያስፈልጋል። ብሎን ሲጠብቅ አንዱ ጎን ቀድሞ ከተጫነ ደግሞ የአትሎን ዘመን ጣጣ ይመለሳል።

ብየዳ ያላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የተበየዱበት ብረት፣ ኢንዲየም፣ 157 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ወይ ማሞቅ ወይ በመሣሪያ ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ መግፋት ያስፈልጋል፤ ትርፉም ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ራይዘን 7000 ግን ለየት ይላል። ኤኤምዲ የበፊቱ ሶኬት ኩለሮች እንዲገጥሙለት ብሎ ክዳኑን አወፈረው፤ ከሦስት ሚሊሜትር በላይ መዳብ ማለት ነው። ያንን አንስተው በቀጥታ ያቀዘቀዙ ሰዎች 20 ዲግሪ ያህል አትርፈዋል።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። የውጭ ሰዎች የሚያወጡት የሙቀት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 21 ወይም 22 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ የተለካ ነው። ድሬዳዋ በግንቦትና በሰኔ ቀን ላይ 35 ዲግሪ ትደርሳለች፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ያላት ሱቅ ከዚያም ታልፋለች። በአየር በሚቀዘቅዝ ማሽን ላይ የክፍሉ ጭማሪ እንዳለ ወደ ፕሮሰሰሩ ያልፋል፤ እዚያ 70 ያሳየው እዚህ 83 ወይም 84 ያሳያል፤ ማንም ምንም ሳያበላሽ። ከፍታም አለበት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ላይ አየሩ አሥር በመቶ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋኑ በያንዳንዱ ዙር የሚወስደው ሙቀት ያንሳል። ሐረር ላይ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፤ ግን ክፍሉ በደንብ ቀዝቃዛ ስለሆነ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር የገባ ማሽን ምንም ሳይነካ ዲግሪው ሲወርድ ይታያል።

ክዳን ማንሳት ይህን የክፍል ሙቀት አይቀንሰውም። እንዲያውም ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨው ዋት ያው ነው፤ ከዳዩ በፍጥነት ይወጣል እንጂ የሚሄደው እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው። 95 ዲግሪ እስኪደርስ ፍጥነቱን እንዲጨምር የተሠራው ራይዘን 7000 ደግሞ ያገኘውን ቅዝቃዜ ለበለጠ ፍጥነት ስለሚያውለው ጭራሽ ክፍሉን ሊያሞቅ ይችላል። ሱቁ ሞቀ ብሎ ዲሊድ የሚያስብ ሰው ቬንትሌተር ቢገዛ ይሻለዋል።

ከተማው ውስጥ የሚሠሩት አብዛኞቹ ዴስክቶፖች ከውጭ ቢሮ ወጥተው የመጡ ዴሎችና ኤችፒዎች ናቸው፤ ውስጣቸው ኮር አይ5 6500 ወይም አይ7 6700 ዓይነት 65 ዋት ፕሮሰሰር አለ። እውነት ነው፣ ከክዳናቸው ሥር ቅባት እንጂ ብየዳ የለም። ነገር ግን ትርፉ ከዋቱ ጋር ነው የሚሄደው፤ በ130 ዋት 20 ዲግሪ ያተረፈ ለውጥ በ65 ዋት ወደ 10 ይወርዳል። ፍጥነታቸውም የተቆለፈ ስለሆነ ያንን 10 ዲግሪ ምን ላይ ያውሉታል? በአንጻሩ ሂትሲንኩ ክንፎች መካከል እንደ ጨርቅ የተነጠፈው የድሬ አቧራና ከክዳኑ በላይ ደርቆ እንደ ኖራ የሚፈረፈረው ፔስት ከዚያ የበለጠ ዲግሪ ይዘው ተቀምጠዋል። ብሎወር፣ ብሩሽና አንድ የፔስት ሲሪንጅ ይበቃሉ። የሰርግ ቪዲዮ ሌሊቱን ሙሉ ኤክስፖርት የሚያደርጉ ስቱዲዮዎች እንኳ ከዚህ ቢጀምሩ ነው የሚያዋጣቸው።

ላፕቶፕ የያዘ ሰው ደግሞ ጥያቄው አይመለከተውም። የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ክዳን የላቸውም፤ የመዳቡ ሳህን በቀጥታ ዳዩ ላይ ነው የሚያርፈው። ለዚህ ነው ላፕቶፕ ፔስት ሲቀየርለት ብሎኖቹን በተጻፈባቸው ቁጥር ቅደም ተከተል፣ ቀስ በቀስ ማጥበቅ የሚያስፈልገው።

ለእኛ አገር ዲሊዲንግ ይበልጥ ትርጉም የሚሰጥበት ማሽን ሌላ ቦታ ነው፤ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ። ከ2006 ጀምሮ የተሸጠው ፕሌይስቴሽን 3 ዋናው ፕሮሰሰሩም የግራፊክስ ቺፑም ክዳን አላቸው፤ ከሥራቸው ያለው ቅባት ዛሬ ዓመታት አስቆጥሮ ደርቋል። ከላይ ያለው ፔስት ተቀይሮ፣ አቧራው ተጠርጎ፣ ፋኑ አሁንም እንደ ባጃጅ የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱ ከክዳኑ ሥር ነው ማለት ይቻላል። ጥንቃቄው ግን እጥፍ ነው፤ የግራፊክስ ቺፑ ክዳን ሥር ከዳዩ ጎን የሜሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል፤ በጥልቀት የገባ ምላጭ እነሱን ያገኛቸዋል። ቢጫ መብራት አብርቶ የጠፋን ማሽን ይህ ሥራ አያስነሳውም፤ የለቀቀ ብየዳ ወይም የተበላሸ ክፍል በቅባት አይመለስም። ፕሌይስቴሽን 5 የሚከፍት ደግሞ ከውስጡ የሚያገኘው ብርማ ፈሳሽ ሶኒ ራሱ የቀባው ፈሳሽ ብረት መሆኑን ይወቅ፤ እንደ ተራ ፔስት በሶፍት ቢጎትተው ቦርዱን ያቃጥላል።

የትኛው መሻገሪያ ላይ ሙቀቱ እንደታገደ ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፍቶ ከባድ ሥራ ማስጀመር ነው። ቁጥሩ በአንድ ሁለት ሰከንድ ከ45 ወደ 90 ዘልሎ፣ ሂትሲንኩ በእጅ ሲነካ ግን ገና ቀዝቃዛ ከሆነ፣ ሙቀቱ ከዳዩ መውጣት አቅቶታል። ቀስ እያለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ሂትሲንኩም እጅ የማያስነካ ከሆነ፣ ሙቀቱ ወጥቷል፤ የሚወስደው አየር ነው ያጣው። በሁለተኛው ሁኔታ ክዳን ማንሳት ምንም አይጨምርም። በመጀመሪያውም ቢሆን ቀድሞ የውጪውን ፔስት ቀይሮ እንደገና መለካት ይገባል፤ ያ ዝላይ ካልጠፋ ነው የክዳኑ ነገር የሚነሳው። ያን ጊዜም ጋራንቲው የሚቀር መሆኑና ፕሮሰሰሩ ቢሞት ተተኪው በስንት እንደሚገኝ ምላጩ ሳይነሳ ይታሰብ።