ራግቢ ላይ ታክል ስለማስተማር በብዛት የሚባሉ ስህተቶች እና እውነታው

እንግሊዝ ያላችሁ ወላጆች ልጃችሁ ራግቢ ሲጀምር እንደምትጨነቁ አውቃለሁ፣ ልጆች ስለማሰለጥን ከወላጅም ከአሰልጣኝም ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ። ታክል ማለት ኳስ ይዞ የሚሮጠውን ተጫዋች (ሯጩን) አቅፎ መሬት ላይ መጣል ነው።

«የሚጎዳው ኳስ የያዘው ልጅ ነው»
ጭንቅላትን በተመለከተ ተገላቢጦሹ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ከ1,500 በላይ የፕሮፌሽናል ጨዋታዎች ተጠንተው ነበር፣ ተጫዋቾች ለጭንቅላት ምርመራ ከወጡባቸው አጋጣሚዎች ከአራቱ ሦስቱ ታክል ላይ የተፈጠሩ ናቸው፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ ከ70 ፐርሰንት በላይ የተመታው ታክል አድራጊው ራሱ ነው። ስለዚህ ከሁሉም በፊት ልጁ የገዛ ጭንቅላቱን የት እንደሚያደርግ ማወቅ አለበት።

«ዝቅ ብለህ ግባ ካልነው ይበቃዋል»
አይበቃውም!! እንደዛ ስትሉት ወገቡን አጥፎ አንገቱን ደፍቶ መሬት እያየ ይገባና ጭንቅላቱ ከሯጩ ጉልበት ወይ ዳሌ ጋር ይላተማል። ዝቅ የሚባለው በጉልበትና በዳሌ ነው፣ ጀርባ ቀጥ ይላል፣ አገጭ ከደረት ይርቃል፣ አይን የሯጩ ቁምጣ ላይ ነው። ጭንቅላት ሯጩ ፊት በፍፁም አይገባም፣ ጎኑ ወይ ከኋላው ነው የሚሆነው። ለምሳሌ ሯጩ ከግራህ ወደ ቀኝህ እያቋረጠ ከሆነ በቀኝ ትከሻህ ነው የምትገባው፣ ያኔ ጭንቅላትህ ከኋላው ይቀራል፣ በግራ ከገባህ ግን ቀጥታ መንገዱ ላይ ነው ያስቀመጥከው። ሌላው እግር ነው፣ ከሩቅ መወርወር ሳይሆን እግርህ ሯጩ አጠገብ እስኪደርስ ተጠግተህ በትከሻ ነክተህ በሁለት እጅ ጥብቅ አድርገህ ማቀፍ። ያለ እጅ በትከሻ ብቻ መግጨት ደግሞ ፋውል ነው።

«ጭንቅላቱ ላይ መከላከያ አድርጓል፣ ችግር የለም»
ያ ስፖንጅ ያለው ኮፍያ መላላጥንና መቆረጥን ይቀንሳል እንጂ ኮንከሽን (በምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥ) አያስቀርም፣ አንጎል የሚናወጠው ከራስ ቅል ውስጥ ነዋ። ማውዝጋርድ (አፍ ውስጥ የሚደረግ መከላከያ) ግን ለጥርስ የግድ ይደረግ።

«ራሱን ካልሳተ ኮንከሽን አይደለም»
አብዛኛው ኮንከሽን ራስን ሳያስት ነው የሚመጣው። ልጁ ከፈዘዘ፣ ራሴን አመመኝ ካለ፣ ሚዛኑን ከሳተ በቃ ይወጣል፣ የዛን ቀን ወደ ሜዳ አይመለስም።

«ታክል ዝቅ ይበል ማለት ጨዋታውን ማበላሸት ነው»
ፈረንሳይ በ2018 ወጣት ተጫዋቾች ከሞቱባት በኋላ በ2019 ለአማተሮች ከወገብ በላይ ታክል ከለከለች። እንግሊዝም ከጁላይ 2023 ጀምሮ በአማተር ደረጃ ከደረት አጥንት በታች ብቻ አለች፣ መጀመሪያ ወገብ ሊሉ ነበር፣ ጩኸቱ ሲበዛ ነው ከፍ ያደረጉት። ቆሞ ታክል የሚያደርግ ሰው ጭንቅላቱ ከሯጩ ጭንቅላት ጋር እኩል ነው፣ አደጋው እዛ ነው ያለው፣ እኔ ህጉን ሙሉ በሙሉ ነው የምደግፈው።

«ፍርሃቱ እንዲለቀው ከጅምሩ በሩጫ ይጋጭ»
ይሄኛው በጣም ነው የሚያናድደኝ። የፈራ ልጅ አይኑን ጨፍኖ ፊቱን ያዞራል፣ ያኔ ጭንቅላቱ የት እንደሚገባ ማንም አያውቅም። እንግሊዝ ውስጥ ታክል የሚጀመረው ከ9 ዓመት በታች ቡድን ላይ ነው፣ ከዛ በፊት ወገብ ላይ የታሰረ ጨርቅ መንጠቅ ነው ጨዋታው። ሲጀመርም መጀመሪያ ሁለቱም ተንበርክከው፣ ቀጥሎ አንዱ ተንበርክኮ ሌላው በእርምጃ፣ ከዛ ሁለቱም በእርምጃ፣ ፍጥነት መጨረሻ ላይ ነው የሚጨመረው። በኪሎ ተቀራራቢ የሆኑትን አጣምሩ፣ አወዳደቅም አስተምሩ፣ እና በማይቀናው ትከሻ እኩል ይለማመድ፣ አለበለዚያ ሜዳ ላይ ሯጩ በዛ በኩል ሲመጣበት በለመደው ትከሻ ልግባ ብሎ ጭንቅላቱን ሯጩ ፊት ይደቅናል።