ጣሊያን ደረሰኝ ብላችሁ አታልቅሱ

እኛ ብሎክ ላይ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ዲፕሎማሲ የሚባለውን የቦርድ ጨዋታ እንጫወታለን። ደንቡን የማስረዳው፣ ካርታውን የምዘረጋው፣ ጭቅጭቅ ሲነሳ የምፈርደው እኔ ነኝ። ስለዚህ ቅሬታውም የሚመጣው ወደ እኔ ነው። ዕጣ ወጥቶ ጣሊያን ወይም ኦስትሪያ የደረሰው ሰው ፊቱ ይጠቁራል። "በቃ እኔ ለቡናው ነው የመጣሁት" ይላል። ይህን ነገር መስማት እጅ እጅ ብሎኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

ለማያውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጨዋታውን አሜሪካዊው አለን ካልሃመር በ1959 ለገበያ አወጣው። ቦርዱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበረችው አውሮፓ ናት። ሰባት መንግሥታት አሉ፦ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ጣሊያን፣ ሩሲያና ቱርክ። ካርታው ላይ 34 ማዕከሎች፣ ማለትም ጦር የሚያስገኙ ቦታዎች፣ አሉ፤ 18 የያዘ ያሸንፋል። በያዛችሁት ማዕከል ልክ ጦር ይኖራችኋል። ዳይስ የለም። በየዓመቱ ሁለት ዙር አለ፣ ፀደይና መኸር። ሁሉም ትእዛዙን ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ እኩል ይነበባል። ከዚያ በፊት ግን ሰው ሰውን እየጎተተ ደረጃው ላይ ይንሾካሾካል። ይዋዋላል፣ ይዋሻል። ውሉን ባፈረሰ ላይ ምንም ቅጣት የለም።

አሁን ወደ ለቅሶው እንሂድ።

"የጣሊያን ጦር ደካማ ነው።" አይደለም። ሁሉም ጦር እኩል ነው። ቬኒስ ያለው የጣሊያን ጦር ዋርሶ ካለው የሩሲያ ጦር አያንስም። ሩሲያ በአራት ጦር ትጀምራለች፣ የቀሩት በሦስት በሦስት። የጣሊያን ችግር አቀማመጧ ነው። ባለቤት ከሌላቸው ማዕከሎች በእርግጠኝነት የምታገኘው ቱኒዝን ብቻ ነው። ኦስትሪያ ደግሞ መሀል ተቀምጣ በየአቅጣጫው ጎረቤት ያፈጥባታል።

"ዕድል ነው።" ዕድል ያለው ዕጣው ላይ ብቻ ነው። የቀረው የራሳችሁ ሥራ ነው።

"አድዋ ላይ የተሸነፈ እዚህም ይሸነፋል።" ይህቺ የጋሼ ናት። ጋሼ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሠራተኛ ናቸው፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ በታች ይኖራሉ። ጣሊያን ሲደርሳቸው "የአያቴ አጥንት እሾህ ሆኖ ይወጋኛል" ብለው ዕጣው እንዲደገም ይጠይቃሉ። ጨዋታው የሚጀምረው በ1901 ነው፣ አድዋ በሆነ በአምስት ዓመቱ፣ ስለዚህ ስሜቱ ይገባኛል። ግን ዕጣ አይደገምም።

አሁን ዋናው፣ ደሜን የሚያፈላው። "ደካማ ስለሆንኩ ቶሎ ጎረቤቴን ልብላ።" አዲስ ሰው ሁሉ ይህን ያስባል። ነባሮቹም ቢሆኑ አልተፈወሱም።

ፈተናው ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። የጣሊያን ቬኒስና የኦስትሪያ ትሪየስቴ ይዋሰናሉ። ሁለት መንግሥታት ሲነሱ የያዟቸው ማዕከሎች አጥር ለአጥር የሚገናኙት ቦርዱ ላይ እዚህ ብቻ ነው። ኦስትሪያ ግሪክን ለመያዝ ስትል በመጀመሪያው ፀደይ መርከቧን ከትሪየስቴ ወደ አልባኒያ ታወጣለች። ትሪየስቴ ባዶ ትሆናለች። ጣሊያን ዘው ትላለች። ከሮም የመጣው ጦር ቬኒስ ገብቶ ከኋላ ይደግፋል፣ ጉልበቱን ይደምርለታል። በመኸር ኦስትሪያ ከቪየናና ከሰርቢያ ተባብራ ብትመጣም ሁለት ለሁለት ነው፤ እኩል ከሆነ ደግሞ ቦታው ላይ ያለው አይነቀልም። መርከቡ ቱኒዝን ይይዛል። ዓመቱ ሲያልቅ ጣሊያን አምስት ማዕከል አላት። ጣሊያን የሆነው ልጅ ደረቱን ነፍቶ ቡና ይጠይቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ግን አያስብም። ኦስትሪያ ስትወድቅ ቅርጫውን ማን ይካፈላል? ጣሊያን ትሪየስቴን ይዛለች፣ ምናልባት ቪየናን ትጨምራለች። ሩሲያ ከሩማኒያ ወደ ቡዳፔስት ትገባለች። ቱርክ ከቡልጋሪያ ተነስታ ሰርቢያንና ግሪክን ታነሳለች። ከግሪክ ቀጥሎ አዮኒያን ባሕር ነው። ከአዮኒያን ባሕር ቀጥሎ ኔፕልስ ነው፤ ያውም የራሳችሁ ቤት። በእናንተና በቱርክ መካከል የነበረችውን ኦስትሪያን በገዛ እጃችሁ አፈረሳችኋት።

ባለፈው ክረምት ይኸው ሆነ። ኦስትሪያ የነበረችው ጎረቤታችን ነርስ ናት፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ እንቅልፏን ትታ ነው የመጣችው። ጣሊያን የነበረው ልጅ "እህቴ፣ ትሪየስቴን አልነካም፣ በእናቴ" ብሎ ምሎላታል። ወረቀቱ ሲነበብ "ቬኒስ ወደ ትሪየስቴ" ይላል። "እሺ" አለች። አልጮኸችም። አልባኒያ ያለችውን መርከቧን ግን አላንቀሳቀሰችም። በ1902 ቱርክ የሆኑት ጋሼ ግሪክ ገቡ። በ1903 ፀደይ ከደብተር የተቀደደችው ወረቀቷ ስትገለጥ እንዲህ ትላለች፦ "አልባኒያ፦ የቱርክን መርከብ ከግሪክ ወደ አዮኒያን ባሕር እደግፋለሁ።" ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። የልጁ መርከብ ተባረረ። በመኸር ኔፕልስም ከእጁ ወጣች። ነርሷ ከጥቂት ዙር በኋላ ከጨዋታው ወጣች፣ እሱም ብዙ ሳይቆይ ተከተላት። "ቂመኛ ነች" አለኝ። ጦሯ ሊጠፋባት ለደረሰ ሰው የቀረው ጉልበት ማንን ልርዳ የሚለው ብቻ ነው፤ ይህን ያልገመተ ሰው ሌላ ጨዋታ ይፈልግ።

ታዲያ ምን ይሻላል? ካርታው እንደተዘረጋ ኦስትሪያን ይዛችሁ ደረጃው ላይ ውጡ። ቬኒስና ትሪየስቴ እንዳይነካኩ ተስማሙ። ከዚያ ሁለታችሁም ወደ ቱርክ ዙሩ። ለዚህ የቆየ አከፋፈት አለ፣ ሌፓንቶ ይባላል፤ ስሙ በ1571 የኦቶማን መርከቦች ድል ከተመቱበት የባሕር ጦርነት የመጣ ነው። በ1901 ፀደይ የኔፕልስ መርከብ ወደ አዮኒያን ባሕር፣ የሮም ጦር ወደ አፑልያ ይሂድ፤ ቬኒስ ባለችበት ትጠብቅ። በመኸር መርከቡ የአፑልያን ጦር አሻግሮ ቱኒዝ ያወርደዋል። አራተኛ ማዕከል አገኛችሁ ማለት ነው፤ ኔፕልስ ላይ አዲስ መርከብ ሥሩ። በ1902 ፀደይ የመጀመሪያው መርከብ ወደ ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ይውጣ፣ አዲሱ አዮኒያን ላይ ይተካው። በመኸር ሁለቱ መርከቦች ተቀባብለው የቱኒዝን ጦር ሶሪያ ላይ ያራግፉታል። ቱርክ ፊቷን ወደ ቡልጋሪያ አዙራ ስትዋጋ ከጀርባዋ ገባችሁ።

ለምን ይሠራል? ቱርክ ስትነሳ ያላት መርከብ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም አንካራ ነው ያለው፣ በጥቁር ባሕር በኩል። ደቡቡን ለመሸፈን ጊዜ ይወስድባታል። ጋሼ ይህን ስለሚያውቁ ቱርክ ሲደርሳቸው በመጀመሪያ ቡና የሚጋብዙት ጣሊያንን ነው። ቡናውን ጠጡ፣ ወሬውን ግን ለኦስትሪያ ንገሯት።

"ደካማ ዝም ብሎ መደበቅ አለበት።" ይህም ስህተት ነው። ያልተናገረ ሰው ላይ ሌሎቹ ይነጋገሩበታል። በተለይ ሩሲያና ቱርክ ከተስማሙ ኦስትሪያም ጣሊያንም አበቃላቸው፤ ስለዚህ እነዚህን ሁለቱን ማጣላት የደካማው የየዙሩ ሥራ ነው። እኛ ጋ መሀል ላይ "ውኃ መጣ" ይባላል፤ ግማሹ ሰው ጀሪካን ይዞ ይሮጣል። ብልህ ጣሊያን ያኔ ቁጭ አይልም። የሩሲያን ጀሪካን ተሸክሞ እስከ አራተኛ ፎቅ ያደርሳል፣ መንገድ ላይም "ቱርክ ጥቁር ባሕር ልትገባብህ ነው" ይላል። እውነት ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

"ከጠንካራው ጋር ከተጠጋሁ ያስጠልለኛል።" መጨረሻ ላይ ይበላችኋል፣ ሌላ የለውም። ወዳጅ ስትመርጡ ጉልበቱን ሳይሆን የሚያድግበትን አቅጣጫ ተመልከቱ። ጀርመንን አስቡ። ሙኒክ አጠገብ የሩሲያ ጦር እንዲቆም ስለማትፈልግ ኦስትሪያ እንድትቆይ ትሻለች። ማንም ሳይለምናት የእናንተን ሐሳብ ትደግፋለች። ይህን ሳይጠይቁ ከፈረንሳይ ጋር ማርሴይ ላይ ጦርነት የሚከፍቱ ጣሊያኖች አይቻለሁ፤ ምክር አላባክንባቸውም።

"አንድ ጦር ከቀረኝ አለቀልኝ።" አላለቀም። አንዱ ወደ 18 ሲጠጋ ሌሎቹ መስመር ሠርተው ያቆሙታል፤ ያ መስመር ብዙ ጊዜ በአንዲት መርከብ ድጋፍ ላይ ይቆማል። ጨዋታው በስምምነት በእኩል ከተዘጋ ደግሞ በደንቡ መሠረት የተረፈ ሁሉ እኩል ይካፈላል፣ አስራ ሰባት ያለውም አንድ ያለውም። ስለዚህ መሽቷል፣ ታክሲ ያልቃል ብላችሁ ጥላችሁ አትነሱ። ትእዛዛችሁን ጻፉ። ስትደግፉ ማንን ከየት ወደ የት እንደሆነ በግልጽ ይጻፍ፤ "ጓደኛዬን እደግፋለሁ" የሚል ወረቀት አልቀበልም።