ከሰሜን ኮሪያ ያመለጡ ሰዎችን ግለ ታሪክ ስናነብ የምንስታቸው ነገሮች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ ጥቂት አንባቢዎች ነን። በዚህ ወር ከሰሜን ኮሪያ ያመለጠች ሴት የጻፈችውን ግለ ታሪክ አነበብን። ክርክሩ ደራ። አንዳንዱን አስተያየት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

«ወንዙን ከተሻገረች በቃ፣ ነጻ ወጣች»

ከቱመን ወንዝ ማዶ ያለው ቻይና ነው። ቻይና ደግሞ እነዚህን ሰዎች እንደ ስደተኛ አትቆጥራቸውም። በሕገወጥ መንገድ እንጀራ ፍለጋ የገቡ ናቸው ብላ ይዛ ትመልሳቸዋለች። የተመለሰ ሰው ምርመራና እስር ይጠብቀዋል። ብዙ ሴቶች ለገበሬዎች በሚስትነት ተሸጠዋል። ከዚያ የወጡትም በደላላ እየተመሩ፣ በላኦስ በኩል ታይላንድ ይገባሉ። ደላላ የሚለው ቃል ጋ ስንደርስ ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም። ሁላችንም በዚህ ዓይነት መንገድ የሄደ ሰው እናውቃለን።

«የሚሸሹት መሪውን ጠልተው ነው»

ብዙዎቹን ያስወጣቸው ረሃብ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የመንግሥት ራሽን ተቋረጠ። ወንዱ ደመወዝ ባይከፈለውም መሥሪያ ቤቱ መገኘት ግዴታው ነበር። ሴቷ ገበያ ወጥታ ቤተሰቡን አበላች፤ ድንበርም ተሻገረች። ደቡብ ኮሪያ ከገቡት አብዛኞቹ ሴቶች የሆኑት አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

«የሚያስፈራው ወታደሩና እስር ቤቱ ነው»

እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስቤ ነበር። እውነት ነው፣ እስር ቤቶቹ አስከፊ ናቸው። ዕለት ዕለት የሚያስፈራው ግን ጎረቤት ነው። ከ20 እስከ 40 የሚሆን አባወራ በአንድ የሰፈር ቡድን ይታቀፋል። የቡድኑ መሪ ብዙ ጊዜ ሴት ናት፤ ማን እንግዳ እንዳሳደረ፣ ማን ምን እንደገዛ ትከታተላለች። በየሳምንቱ ደግሞ ስብሰባ አለ። መጀመሪያ የራስህን ጥፋት ትናገራለህ፤ ቀጥሎ የጓደኛህን።

ይህን ገጽ ስናነብ አብረውን የነበሩ የብሎካችን እማማ «ሂስና ግለ ሂስ ነዋ!» አሉ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተቀምጠዋል። እቤት ሲገቡ ልጆቻቸው ፊት ምንም አይናገሩም ነበር፤ ልጅ የሰማውን ይዞ ይወጣላ። እኛ «ግድግዳም ጆሮ አለው» እንላለን። ኮሪያውያን የቀኑን ወሬ ወፍ፣ የሌሊቱን አይጥ ይሰማዋል ይላሉ። እማማ ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ለእኔ የመጽሐፉ ልብ እዚህ ላይ ነው።

«አንዱ ነገር ስህተት ከሆነ ሁሉም ውሸት ነው»

በ2015 (እ.ኤ.አ.) አንድ ታዋቂ አምላጭ የታሪኩ ክፍሎች ትክክል እንዳልነበሩ ራሱ አምኗል። ይህ ያሳዝናል፤ አንባቢም የመጠየቅ መብት አለው። ግን ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሪፖርቱን ያወጣው የተባበሩት መንግሥታት አጣሪ ኮሚሽን ከ80 በላይ ምስክሮችን በአደባባይ፣ ከ240 በላይ ሰዎችን ደግሞ በምስጢር ሰምቷል። የአንዱ ስህተት የእነዚህን ሁሉ ቃል አይሰርዝም።

«ለእኛ ሩቅ ታሪክ ነው»

የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ለደቡብ ኮሪያ ሊዋጉ የዘመቱት እ.ኤ.አ. በ1951 ነው። ደርግ ደግሞ የሰሜኑ ወዳጅ ነበር። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ያለው የትግላችን ሐውልት የተሠራው በሰሜን ኮሪያ እርዳታ ነው። ከእኛ ሰፈር ለሕክምና ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ያየዋል።